ቦምቡ ሁሉ ባንዴ ቢፈነዳ ምድር ትሰነጠቃለች ወይስ እኛ ብቻ ነን የምንጠፋው?

ሌሊት_አንባቢ

ሰላም ለቤቱ። ትናንት ማታ ከጓደኛዬ ጋር ክርክር ገጥመን እስካሁን አልተፋታንም። እሱ "ያለው የኒውክሌር ቦምብ ምድርን ሃምሳ ጊዜ ደጋግሞ ያጠፋል" ይላል። ሃምሳውን ከየት አመጣኸው ስለው "ይሄማ የታወቀ ነው" ብሎ አለፈኝ። የታወቀ ነው የሚባል ነገር ደግሞ ሁሌም ያጠራጥረኛል።

ማጥፋት ስንል ምን ማለታችን ነው? ምድር የምትባለዋን ኳስ መሰንጠቅ ነው? የሰውን ዘር መጨረስ ነው? ወይስ ከተሞችን ማቃጠል? ለእኔ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። እሱ ግን አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚያወራው። የምታውቁ ካላችሁ ቁጥር ያለው መልስ ስጡኝ። "አቤት ጉዳችን" የሚል አስተያየት አይቆጠርም።

ጉድ_ፈላ

አቤት ጉዳችን።

ቁጥር_ወዳጅ

ጉድ_ፈላ መቼም አያስችልህም።

ሌሊት_አንባቢ፣ ከትልቁ ልጀምርልህ። ኳሷን መሰንጠቅ የሚለውን እርሳው። ዛሬ በዓለም ላይ 12 ሺህ ገደማ የኒውክሌር አረር አለ። ዘጠኝ አገሮች ናቸው የያዙት። ከዚያ ውስጥ ወደ ዘጠና በመቶ የሚጠጋው በሩሲያና በአሜሪካ እጅ ነው። (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) በ1986 ጣሪያ ሲነካ 70 ሺህ አካባቢ ነበር፤ ስለዚህ ጓደኛህ የሰማው ወሬ ከዚያ ዘመን የተረፈ ሊሆን ይችላል።

የሁሉንም ጉልበት ደመር አድርገን፣ አጋንነንም 5,000 ሜጋ ቶን እንበለው። አንድ ሜጋ ቶን የአንድ ሚሊዮን ቶን ቲኤንቲ ፈንጂ ጉልበት ነው። አሁን ምድርን እንበትናት። ቁርጥራጩ በራሱ ስበት ተመልሶ እንዳይሰበሰብ አድርገህ ልትበትናት ከፈለግህ የዚህን 10 ትሪሊዮን እጥፍ ኃይል ማምጣት አለብህ። ፀሐይ በየአቅጣጫው የምትረጨውን ሁሉ ጠብታ ሳይባክን ለአንድ ሳምንት ያህል ብታጠራቅም ነው የሚሞላልህ።

እኔን ራሴን ያስደነገጠኝ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ምድር ላይ የምታሳርፈው ብርሃን በየሰከንዱ 40 ሜጋ ቶን ገደማ ይሆናል። በየሰከንዱ ነው ያልኩት። እንግዲህ 5,000ውን ለ40 አካፍል። የዓለም የኒውክሌር መሣሪያ በሙሉ የሁለት ደቂቃ ፀሐይ ነው።

ሰርዶ

እንዴ! ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን እያስፈራሩን ነው? የሁለት ደቂቃ ፀሐይ ከሆነ ጥላ ይዞ መውጣት ነዋ።

ኮሜት

ሰርዶ አትቸኩል። ሩሲያኖቹ "ንጉሡ ቦምብ" የሚባለውን በ1961 ሲያፈነዱ የፍንዳታው ሞገድ ምድርን ሦስት ጊዜ ዞሯታል። ያ አንድ ቦምብ ነው። 50 ኪሎ ቶን ብቻ ነበር። ሁሉም ቢፈነዳ አስበው።

ቁጥር_ወዳጅ

ኮሜት፣ ሜጋ እንጂ ኪሎ አይደለም። 50 ሜጋ ቶን። አንድ ሜጋ አንድ ሺህ ኪሎ ነው። ሂሮሺማ ላይ የወደቀው 15 ኪሎ ቶን ገደማ ነበር። ስለዚህ የ1961ዱ የሂሮሺማን ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ነው።

መዞሩ ግን ልክ ነህ። ጥቅምት 30 ቀን ኖቫያ ዜምልያ የሚባል የሰሜን ዋልታ ደሴት ላይ፣ 27 ቶን የሚመዝን ቦምብ ከአውሮፕላን በጃንጥላ ጣሉት። አራት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። የጭሱ እንጉዳይ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ። የሚገርመው፣ መጀመሪያ የታቀደው ለ100 ሜጋ ቶን ነበር። ዩራኒየም ሊሆን የነበረውን ሽፋን በእርሳስ ተክተው ነው በግማሽ የቀነሱት።

አሁን ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጉልበቱ ሦስት ሺህ እጥፍ ሲያድግ፣ የሚያፈርሰው ርቀት ያደገው አሥራ አምስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ፍንዳታ በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚሰፋው፤ ብዙው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሺህ ጊዜ ብታሳድገው በርቀት አሥር ጊዜ ነው የምታገኘው። የጦር ሰዎቹም ይህን ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው ግዙፎቹን ትተው አነስ አነስ ያሉ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ቶን የሆኑትን ብዙ አድርገው ሚሳኤል ላይ የሚደረድሩት። አንድ ትልቅ ከመጣል አሥር ትንንሽ በትኖ መጣል ብዙ ከተማ ያቃጥላል።

"ማቃጠል" የሚለውን ቃል ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ፣ ወይም ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይምጣበት።

የድሮ_መምህር

ልጆች፣ በጥላው ቀልድ ላይ ትንሽ ልናገር።

ሂሮሺማ ውስጥ ባንክ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 1945፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15። ባንኩ ገና አልተከፈተም። አንድ ሰው መግቢያው ላይ ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ቦምቡ ከመሬት ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የፈነዳው። ደረጃው ከፍንዳታው ሥር 260 ሜትር ይርቃል። ሙቀቱ የድንጋዩን ፊት በሙሉ አነጣው። ሰውየው የተቀመጠበት ቦታ ግን ጠቆር ብሎ ቀረ። ድንጋዩ ዛሬ በከተማዋ ሙዚየም ውስጥ አለ። ቅርጹ እንኳን የሰው ቅርጽ ነው ብላችሁ የምትለዩት አይደለም። ጉም የመሰለ ጥቁረት ነው። ጥላ ማለት ያ ነው።

ቦምቡ ውስጥ 64 ኪሎ ገደማ ዩራኒየም ነበር። ከዚያ ውስጥ የተሰነጠቀው አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም። ወደ ኃይል የተለወጠው ክብደት ደግሞ ከአንድ ግራም በታች ነው። ስንት ዓመት ሳስተምር ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ 140 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል። በሦስተኛው ቀን ናጋሳኪ ላይ የወደቀው ደግሞ 70 ሺህ ያህል።

ሰርዶ

ይቅርታ መምህር። ቀልዱ አልፎብኝ ነው።

የድሮ_መምህር

ምንም አይደል ልጄ። እኔም በወጣትነቴ ቀልጄበታለሁ።

ዝናብ_ቆጣሪ

ቁጥር_ወዳጅ "ማቃጠል" ብለህ በሩን ከፍተህልኛል። ሥራዬ ከአየር ንብረት ጋር ነው፤ እኔ ልግባበት።

የሁለት ደቂቃ ፀሐይ የሚለው ሒሳብ ልክ ነው። ግን የቦምቡ ጉልበት አይደለም ፕላኔቷን የሚጎዳው። ቦምቡ ክብሪት ነው። ነዳጁ ከተማው ነው። አስፋልት፣ ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ እንጨት፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ የቤት ዕቃ። ሂሮሺማ ላይ ከፍንዳታው በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እሳቱ ተያይዞ አንድ ማዕበል ሆነ። ከዚያም ጥቁር ዝናብ ዘነበ። ያ ጥቁረት ጥላሸት ነው። ጣራ ሥር የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ አስቡት፤ ያው እሱ ነው፣ ደቅቆ።

አሁን ጥያቄው አንድ ነው። ያ ጥላሸት ስንት ኪሎ ሜትር ይወጣል? ዝናብ የሚሠራበት የአየር ንብርብር አለ፤ እንደየቦታው ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጭሱ ከዚያ በታች ከቀረ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ዝናብ ያጥበዋል፣ ነገሩ ያበቃል። ከዚያ በላይ ከወጣ ግን እስትራቶስፌር ውስጥ ገባ ማለት ነው። እዚያ ዝናብ የለም። የሚያጥበው የለም። እንዲያውም ጥቁር ስለሆነ ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ ሲሞቅ ይበልጥ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ነፋሱ መላዋን ምድር ያለብሰዋል። ለዓመታት ይቆያል።

ስለዚህ ሜጋ ቶን መቁጠሩን ተዉት። የሚቆጠረው ከዝናብ በላይ የወጣ ጥላሸት ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያነሱት ፖል ክሩትዘንና ጆን በርክስ ናቸው፣ በ1982። በዓመቱ ካርል ሴጋን ያለበት የአምስት ሳይንቲስቶች ቡድን ሒሳቡን ሠርቶ "የኒውክሌር ክረምት" የሚለው ስም ወጣ። በነገራችን ላይ ይህ ስም በአማርኛ ያሳስታል። ክረምት ስንል ዝናብ ነው የሚታየን። የተባለው ብርድና ጨለማ ነው። ዝናቡ እንዲያውም ይቀንሳል፤ ባሕሩ ሳይሞቅ ምን ይተናል?

ማስረጃ_አምጣ

እህቴ ዝናብ_ቆጣሪ፣ ጥሩ አስረድተሻል፣ ግን አንዱን ጎን ብቻ ነው የነገርሽን። በ1991 ኩዌት ውስጥ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶች ሲቃጠሉ ይኸው ሴጋን "ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ የሩቅ አገር አዝመራ ያበላሻል" ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ምን ሆነ? ጭሱ ዝቅ ብሎ ቀረ። አካባቢውን አጨልሞ፣ ዝናብ አጥቦት አለቀ። ሰውየው ራሱም በኋላ ስህተቱን አምኗል። በ2018 ደግሞ ሎስ አላሞስ የሚባለው የአሜሪካ የኒውክሌር ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ሒሳቡን ሠርተው፣ ወደ ላይ የሚወጣው ጥላሸት ከሚባለው በብዙ ያነሰ ነው ብለዋል። እኔ ቦምብ ደግፌ አይደለም። ግን "ሁላችንም እናልቃለን" ከማለት በፊት ማስረጃ ይቅደም።

ዝናብ_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ የኩዌቱን ስላነሳህ ደስ ብሎኛል። ሁለቱም ያነሳሃቸው ነገሮች እውነት ናቸው።

ኩዌት ውስጥ ግን ጉድጓዶቹ በሰፊ በረሃ ላይ ተበታትነው ነበር የሚነዱት። አንድ ትልቅ እሳት አልነበረም። ስድስት መቶ ሻማ በየቦታው ለኩሰህ አንድ ችቦ አይወጣህም። ጭሱን ሽቅብ የሚያስፈነጥረው እሳቱ አንድ ላይ ሲሆን ነው፤ ያኔ የራሱን ደመና ይሠራል፣ ደመናው እንደ ጭስ ማውጫ ይስበዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በ2017 ምዕራብ ካናዳ ውስጥ ትልቅ የደን ቃጠሎ ተነሳ። ጭሱ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ደረሰ። ከዚያ ማንም ሳይነካው፣ ፀሐይ እያሞቀችው፣ በሁለት ወር ውስጥ 23 ኪሎ ሜትር ገባ። ሳተላይቶች ከስምንት ወር በላይ ሲያዩት ነበር። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ የአውስትራሊያው ደግሞ ከዚያም በላይ ወጣ። መጠኑ ትንሽ ስለነበር አየሩን አላቀዘቀዘም። ጭስ በራሱ እንደሚወጣ ግን አይተናል።

የሎስ አላሞሱን በተመለከተ፣ ክርክሩ አልተዘጋም። ስንት ነዳጅ አለ? ስንቱ ይቃጠላል? ፍርስራሹ ሥር ተቀብሮ የሚቀረውስ? በዚህ ላይ ሁለቱ ወገኖች አሁንም እየተመላለሱ ነው። ፊዚክሱ ላይ አይደለም የተጣሉት። ስንት ቶን የሚለው ላይ ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ፣ መልሱን ለማወቅ መሞከሪያው አንድ ብቻ መሆኑ ነው የሚያሳስበኝ።

ማስረጃ_አምጣ

ይሄኛውን ተቀብያለሁ። መሞከሪያው ይቅርብን።

አረም_ነቃይ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የእኔ ሙያ እህል ነው።

ሰዎች "ስምንት ዲግሪ ቢቀዘቅዝስ? ጃኬት እደርባለሁ" ይላሉ። አዝመራ ጃኬት የለውም። እህልን የሚገድለው ደግሞ አማካይ ሙቀት አይደለም። አንድ ሌሊት ነው። ሩዝ ዘር ልትቋጥር ስትል ሌሊቱ 15 ዲግሪ አካባቢ ቢወርድ ብናኙ ይመክናል። ማሳው ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ነው፣ ያማረ ነው። ቀርበህ ዘለላውን በጣትህ ስትጨምቀው ባዶ ገለባ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተራ ቅዝቃዜ ባመጣው። ገበሬው ዘለላውን ደጋግሞ ነበር የሚጨምቀው፣ አንዱ እንኳን የያዘ እንደሆነ ብሎ። በቆሎ ደግሞ ውርጭ አንድ ሌሊት ከነካው አለቀ።

ታሪክም አለ። ታምቦራ የሚባል የኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራ በ1815 ፈነዳ። በዓመቱ፣ በ1816፣ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ በሰኔ ወር በረዶ ጣለ። በአውሮፓ አዝመራው ከሸፈ፣ ረሃብ ገባ። "በጋ ያልነበረው ዓመት" ይሉታል። ያን ሁሉ ያመጣው በዓለም አማካይ የግማሽ ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ ነው። የአሜሪካና የሩሲያ ሙሉ ጦርነት 150 ሚሊዮን ቶን ጥላሸት ወደ ላይ ቢልክ ግን በሞዴሎቹ የሚወጣው ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ነው።

በ2022 ኔቸር ፉድ በሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህን ወደ ምግብ ቀይሮታል። በቆሎ፣ ስንዴ፣ ሩዝ፣ አኩሪ አተር፣ ዓሣም ጭምር። በትልቁ ጦርነት ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ከእህል የሚገኘው ካሎሪ በ90 በመቶ ይወርዳል። በረሃብ ሊሞት የሚችለው ከ5 ቢሊዮን በላይ ሰው ነው። በሕንድና በፓኪስታን መካከል ቢሆን ደግሞ ከ2 ቢሊዮን በላይ። አብዛኛው ሟች ቦምቡን በዓይኑ ያላየ፣ ድምፁን ያልሰማ፣ ከጦርነቱ ምንም የሌለበት ሰው ነው። ጥላሸቱ ከወጣ አገር አይመርጥም። የዓለም የእህል ክምችት ደግሞ የወራት እንጂ የዓመታት ስንቅ አይደለም።

ማስረጃ_አምጣ እንዳለው ጥላሸቱ ያነሰ ይሁን፣ እሺ። የዚያው ጥናት ትንሹ ምርጫ 5 ሚሊዮን ቶን ነው። እሱም የዓለምን ምርት በ7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሰባት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን እህል ሲያንስ ሁሉም እኩል ቀንሶ አይበላም። አንዱ ወደ ውጭ መላክ ያቆማል፣ ሌላው ያከማቻል፣ ከገበያ ገዝቶ የሚያድረው ባዶ እጁን ይቀራል።

ጉድ_ፈላ

አቤት ጉዳችን።

አሁንስ ይቆጠርልኛል?

ሌሊት_አንባቢ

ይቆጠርልሃል።

ሰርዶ

ስሜን ያወጣሁት "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ" ከሚለው ተረት ነበር፣ ለጨዋታ። አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። "ብትመታኝ እመታሃለሁ፣ ሁለታችንም እንጠፋለን" ብለው ነው የተፋጠጡት። ተረቱ ውስጥ ግን አህያዋ ተመኘች እንጂ ሰርዶውን የምታደርቅበት መሣሪያ አልነበራትም። እነዚህ አላቸው።

ሽቦ_በጣሽ

ስለ መብራትም አንድ ነገር ላክል፣ አላረዝምም። በሐምሌ 9 ቀን 1962 አሜሪካኖች 1.4 ሜጋ ቶን የሆነ ቦምብ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አፈነዱ። ሕዋ ውስጥ ማለት ነው። እዚያ አየር ስለሌለ ሞገድ የለም፣ የሚፈርስ ቤት የለም። ግን 1,400 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ሃዋይ የመንገድ መብራቶች ጠፉ፣ የሌባ ማንቂያ ደወሎች ያለ ሌባ ጮኹ። በማግስቱ የመጠቀችው ቴልስታር የምትባል የመገናኛ ሳተላይት ፍንዳታው በተወው ጨረር ተጎድታ በወራት ውስጥ ሥራ አቆመች። ያኔ ሰማይ ላይ የነበሩት ሳተላይቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አሁን ስንት ሺህ እንደሆኑ ታውቃላችሁ። አዝመራው የተረፈለት ገበሬ እንኳን ቢገኝ እህሉን የሚያጓጉዝለት፣ የሚከፍለው፣ ደውሎ የሚያገኘው ሁሉ በሽቦ ነው።

ዝምተኛዋ

ስለ ጨረሩ ማንም አላነሳም። ሰው ግን ከሁሉ በላይ የሚፈራው እሱን ነው።

የድሮ_መምህር

ዝምተኛዋ፣ ልጄ፣ ልክ ነሽ። ጨረር ይፈራል፣ ግን በተሳሳተ መልኩ ነው የሚፈራው። ምድር ለሺህ ዓመት ማንም የማይረግጣት ትሆናለች የሚለው ትክክል አይደለም። የወደቀው ብናኝ ጨረር በፍጥነት ነው የሚወርደው። ጊዜው ሰባት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በሰባት ሰዓት አንድ አሥረኛ፣ በሁለት ቀን ገደማ አንድ መቶኛ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ሺህኛ። ሂሮሺማ ዛሬ ሰው የሚኖርባት ትልቅ ከተማ ናት። ክፉው የመጀመሪያው ቀን ነው።

ክፉነቱን ደግሞ ቢኪኒ ደሴት ላይ አይተነዋል። መጋቢት 1 ቀን 1954። አሜሪካኖች 6 ሜጋ ቶን ይሆናል ብለው ያፈነዱት 15 ሆነባቸው። ቦምቡ ውስጥ ከነበሩት የሊቲየም ዓይነቶች አንዱን "ይህ ምንም አይሠራም" ብለው ንቀውት ነበር፤ ሠራ። ብዙ ርቆ የነበረ የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ነጭ አመድ እንደ በረዶ ዘነበ። የነደደ ኮራል ነው። 23 ሰዎች ነበሩበት፣ ሁሉም ታመሙ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው በመስከረም ሞተ። ሮንጌላፕ በሚባለው ደሴት ልጆቹ አመዱን አይተውት ስለማያውቁ ተጫወቱበት።

ቀስ ብሎ የሚሄደውም አለ። ከፍንዳታው የሚወጣ ስትሮንቲየም 90 የሚባል ጨረር ያለው ንጥረ ነገር ካልሲየም ይመስላል፣ አጥንት አይለየውም። ሣር ላይ ያርፋል፣ ላም ትግጠዋለች፣ ወተት ይሆናል፣ የልጅ ጥርስ ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሳይንቲስቶችና እናቶች ተባብረው የረገፈ የወተት ጥርስ መሰብሰብ ጀመሩ፣ ከ1958 ጀምሮ። ወደ 300 ሺህ ጥርስ ደረሰ። ጥርሱን ለሰጠ ልጅ ደረቱ ላይ የሚያደርጋት ባጅ ይሰጡት ነበር። የሙከራው ብዛት እየጨመረ ሲሄድ ጥርሱ ውስጥ ያለውም ጨመረ። በ1963 በአየር ላይ መሞከርን የሚከለክለው ውል ሲፈረም እነዚያ ጥርሶች የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው።

እስከ ዛሬም ሁላችንም ውስጥ አለ። በእነዚያ ሙከራዎች ምክንያት በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 የሚባል ጨረር ያለው የካርቦን ዓይነት በ1960ዎቹ አጋማሽ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ዛፉም፣ ሰውም፣ የባሕር ዓሣም ወሰደው። አሁን እጅግ ወርዷል፣ ግን የአንድን ሰው ጥርስ መርምረው በየትኛው ዓመት አካባቢ እንደተወለደ በዚያ ይለያሉ። ይህ ጦርነት ሳይሆን፣ በሙከራ ብቻ።

ዝምተኛዋ

ጥርሱን ነው የማልረሳው።

ሌሊት_አንባቢ

ይህን ውይይት ለጓደኛዬ ላኩለት። ሃምሳዋን ትቷል። አሁን ደግሞ የያዘው "70 ሺህ ከነበረ ቀሪው የት ገባ?" የሚለውን ነው።

ቁጥር_ወዳጅ

ፈታቱት። ከፊሉ ደግሞ አምፖል አበርቷል፣ የምሬን ነው። ከ1993 እስከ 2013 ሩሲያ ከ20 ሺህ ገደማ አረሮች የሚወጣ 500 ቶን የበለጸገ ዩራኒየም አቅጥና ለአሜሪካ የኃይል ማመንጫዎች ሸጣለች። በእነዚያ ዓመታት ከአሜሪካ ኤሌክትሪክ አንድ አሥረኛው ገደማ ከዚያ ነበር የሚመጣው። አሜሪካን ለማቃጠል የተሠራ ዩራኒየም እዚያው አሜሪካ ውስጥ ማቀዝቀዣ ሲያንቀሳቅስ ኖረ። የምወደው ታሪክ ነው። የቀረው 12 ሺህ ግን ለዝናብ_ቆጣሪ ሒሳብ ከበቂ በላይ ነው። ለትንሹ ስሌት መቶ ሂሮሺማን የሚያህሉ ይበቃሉ።

ማስረጃ_አምጣ

እንግዲህ እኔም አንድ ልጨምር፣ ማስረጃ አምጣ ስል ስለኖርኩ። መስከረም 26 ቀን 1983፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የሚባል የሶቪየት ሌተና ኮሎኔል የማስጠንቀቂያ ጣቢያ ውስጥ ተረኛ ነው። ኮምፒውተሩ "ከአሜሪካ ሚሳኤል ተነሣ" አለው። ከዚያ ሌላ። በድምሩ አምስት። ከአሜሪካ የተነሣ ሚሳኤል ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጅበት። ሰውየው አሰበ፦ ጦርነት የሚጀምር ሰው በአምስት አይጀምርም። የመሬት ራዳሩም ምንም አላየም። ለአለቆቹ "የሐሰት ማንቂያ ነው" ብሎ ነገራቸው። እርግጠኛ አልነበረም። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

ሌሊት_አንባቢ

ኮምፒውተሩ ምን አይቶ ነው ታዲያ?

ዝናብ_ቆጣሪ

ፀሐይ። ያ ሳምንት ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ነው። ሳተላይቱ ከጎን ሲመለከት ብርሃኑ ከፍ ያለ ደመና ላይ አርፎ ነጥሮ መጣበት። የሚሳኤል እሳት መሰለው።

ሌሊት_አንባቢ

ደመና?

ዝናብ_ቆጣሪ

ደመና። ተራ ደመና።